ለእንግዳ የተጠረገ ማቅለጫ ቤት

ፋናዬ ቤቷ ሳይጠረግ እንግዳ ደጇን ከሚረግጥባት ይልቅ መሬት ተከፍታ ብትውጣት የምትመርጥ ሴት ናት። ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ የሚያውቋት ሁሉ ይህን ያውቃሉ። በሯ ሲንኳኳ መጀመሪያ የምታየው ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ወለሉ ነው። ስደተኛ ሆና በሞያሌ በኩል ስትገባ ሻንጣዋን ሊፈትሽ የመጣውን ፖሊስ «ቆይ፣ ልብሱን ላጣጥፈው» ብላ አቁማዋለች እየተባለ እስከዛሬ ይሳቅባታል። እሷም አትክድም።

ባሏ ተክሉ አሉሚኒየም አቅላጭ ነው። ሙያውን የተማረው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። አሁን ካርዮባንጊ ውስጥ በቆርቆሮ በታጠረች ጠባብ ቦታ፣ እሱ እያቀለጠ እሷ ቅልጡ የሚፈስበትን ፎርማ እያሰናዳች፣ ከውዳቂ አሉሚኒየም ድስት ያወጣሉ። ሁርሊንግሃም ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወጥ የሚሠሩበት ትልልቅ ድስት አብዛኛው የተክሉ እጅ ሥራ ነው። በላተኛው ይህን አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም።

ምድጃው የሚነደው በተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። ከሰል አይቀመስም፤ ዘይቱን ግን ጋራዦች በርካሽ ይለቁታል። ጭሱ ጥቁርና ወፍራም ነው፣ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል። ቁርጥራጩ ቀለም ወይም ፕላስቲክ ያለው ሲሆንማ አይጣል ነው። ተክሉ ያንን ሲምግ ኖሮ፣ ዛሬ አንድ ፎቅ ለመውጣት ደረጃው ላይ ተቀምጦ ማረፍ ያለበት ሰው ሆኗል። ሐኪሙ ፋናዬን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ባሏ ከዚያ ጭስ ካልወጣ ሳንባው ብዙ እንደማይቆይ ነግሯታል። ወጥቶ የት እንደሚገባ ግን ሐኪሙም አልነገራት። የሥራ ፈቃድ የሌለውን፣ ትንፋሽ የሚያጥረውን ስደተኛ ማን ይቀጥረዋል?

ያኤል ወደ ቤታቸው የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች የሐበሻ ልጅ ናት፤ ብረታ ብረት ሰውንና አየሩን ሳይጎዳ እንዴት እንደሚመረት ከሚያጠኑ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር ትሠራለች።

«እትዬ ፋናዬ፣ እናንተ እኮ የምትሠሩት ቢግ ነገር ነው» አለቻት። «አሉሚኒየም ከማዕድን እንደ አዲስ ለማውጣት የሚፈጀው ኤሌክትሪክ፣ ማይ ጎድ! እናንተ ግን አንዴ የወጣውን ነው መልሳችሁ የምታቀልጡት። ካርቦኑ በጣም ትንሽ ነው። ፕሮብሌሙ ጭሱን እናንተ መተንፈሳችሁ ነው።»

ፋናዬ ለዓለም አየር ባለውለታ መሆኗን የሰማችው ያን ቀን ነው። ዓለም ውለታውን ሊመልስ መቸኮሉን ግን ማንም ሲናገር አልሰማችም።

አጥኚዎቹ አዲስ ምድጃ ሠርተዋል። በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ክዳን አለው፤ የሚተርፈውን ጭስም በቱቦ ስቦ ያጣራል። የተሠሩት ጥቂት ስለሆኑ በየማቅለጫ ቤቱ ያለው ጭስ ተለክቶ ለባሰበት ይሰጣል። ለባለቤቶቹ ግን ምድጃ እንደሚሰጥ እንጂ በምን እንደሚመረጥ አልተናገሩም፤ ሰው ምድጃውን ለማግኘት ብሎ ሆን ብሎ ጭስ እንዳያበዛ ሰግተው ነው። ጭስ ሊቀንስ የሚችል ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

«ሐሙስ መጥተን እንለካለን» አለች ያኤል። «ፕሊስ፣ እንደ ሁልጊዜው ሥሩ። ምንም አትቀይሩ፣ ምንም እንዳታዘጋጁ።»

ፋናዬ በሆዷ ሳቀች። «ምንም እንዳታዘጋጁ» ሳይል የሚመጣ ጨዋ እንግዳ የታለ? ይህን አምኖ እንግዳውን በባዶ ቤት የተቀበለ ሰውስ እስከ ልጅ ልጁ አይታማም? ደግሞ እንዲህ ያለ ውድ ዕቃ የሚሰጠው ዕቃ መያዝ ለሚያውቅ ሰው ነው ብላ ከልቧ አምናለች።

ስለዚህ ተነሳች። የዘይቱን በርሜል በሸራ ሸፍና ከጓሮ አስቀመጠችው። ቀለም የነካውን ቁርጥራጭ፣ ፕላስቲክ የለበሰውን ሽቦ፣ ጥላሸት የጋገረውን የሞተር አካል ሁሉ አስወጣች። ከመስኮት ሠሪዎች ንጹሕ የፍሬም ቁራጭ፣ ከገበያ ደረቅ ከሰል ገዛች። ቆርቆሮውን አጠበች። ለተክሉ አዲስ ሽርጥ አሰፋችለት።

«ሴትዮ፣ ልጅቷ እንዳለ ይሁን ብላለች እኮ» አላት ተክሉ።

«እሷማ ጨዋ ስለሆነች ነው እንደዚያ ያለችው። እኛስ?»

አጥሩ ማዶ እንደ እነሱ የሚያቀልጠው ጎረቤታቸው ኑሬ መጥረጊያም አላነሳ። ፋናዬ በቆርቆሮው ላይ አንገቷን አሻግራ «ኧረ ኑሬ፣ ሰው ይመጣል፣ እፈር!» ብትለው፣ በጭሱ መሐል ሆኖ ሳቀባት።

ሐሙስ እንግዶቹ መጡ። ያኤል ትንሽ መለኪያ ተክሉ አንገትጌ ላይ ሰካችለት፤ ሌላውን ከምድጃው አጠገብ አቆመች። ከሰሉ ጥርት ብሎ ነደደ። ፋናዬ የቋንጣ ፍርፍር ይዛ እየዞረች፣ በሞቴ እያለች አጎረሰቻቸው። ተክሉ ያን ቀን አልሳለም ማለት ይቻላል። እሷም ይህን መልካም ምልክት ነው ብላ ተስፋዋን ሁሉ ጣለችበት።

ከሁለት ወር በኋላ ያኤል ብቻዋን ተመልሳ መጣች፤ ፊቷ በርቷል።

«ኮንግራትስ! ከለካናቸው ሁሉ ንጹሑ የእናንተ ነው። ሲሪየስሊ፣ ኮርቼባችኋለሁ።»

«ተመስገን! ምድጃው መቼ ይመጣል ታዲያ?»

«ምድጃው...» ያኤል ግራ ገባት። «ምድጃውማ ጭሱ ለባሰባቸው ነው። ለኑሬ ደርሶታል። እናንተ እኮ አያስፈልጋችሁም።»

ፋናዬ ፎርማው ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ሁሉንም ዘርዝራ ነገረቻት፤ ከሰሉን፣ የተሸፈነውን በርሜል፣ የታጠበውን ቆርቆሮ።

«እትዬ! ምንም አትቀይሩ ብዬ ነግሬዎት ነበር እኮ!»

«ነግረሽኛል፣ ልጄ። እንግዳ እንደዚያ ነው የሚለው።»

የያኤልም እናት ቤት እንግዳ ሲመጣ መጋረጃው ሳይቀር ይታጠባል። ይህ ሊገባው የሚገባ ሰው ቢኖር እሷ ነበረች፤ ይህንንም ገና አሁን አወቀችው።

«ነገ ነይ» አለች ፋናዬ። «ነገ እንዳለ ነው የምታገኚው። እማምላክን፣ አመድ እንኳ አላነሳም።»

«መለኪያውን መልሰናል። ምድጃዎቹም ተከፋፍለው አልቀዋል። ፕሮጀክቱ ተዘግቷል፣ እትዬ።»

«ታዲያ እውነቱን ስለነገርኩሽ ምን ይደረግልናል?»

ያኤል አቀረቀረች። «የእናንተን ዴታ ከጥናቱ አወጣዋለሁ። ሌላ የምችለው የለም።» ይህን ብላ እያለቀሰች ሄደች።

ተክሉ ነገሩን ሲሰማ አልተቆጣም። «ምን አጠፋሽ? እንግዳ አከበርሽ» አላት። ቢሰድባት በተሻላት ነበር። ይህን ያህል ዘመን የተመሰገነችበትን ጠባይዋን ያን ዕለት ጠላችው።

የኑሬ ምድጃ ተተከለ። ኑሬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ተክሉ በእኔ ምድጃ ያቅልጥ ብሎ ያኤልን ጠይቆላቸው ነበር። ነገር ግን ምድጃው ትንሽ ነው፣ ለራሱ ሥራም አልበቃው። ከእሱ በኩል ጭስ ቆመ። ከእነሱ በኩል ቀጠለ።

አንድ ጠዋት ኑሬ ከባድ በርሜል እያንከባለለ በራቸው ላይ ደረሰ። የተቃጠለ ዘይት ነው፣ እስከ አፉ ሙሉ።

«ለእኔ ከእንግዲህ አይሆነኝም» አለ ደስ ብሎት። «ለማንም ከምሰጠው ለእናንተ ይሁን ብዬ ነው።»

ፋናዬ ወለሉን ሳታይ በሩን ከፈተችለት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ኑሬ» አለችው፤ ከልቧ ነበር፣ ምክንያቱም የእነሱ ዘይት ያን ሳምንት አልቆ ነበር። ተክሉ በርሜሉን ሊቀበለው ጎንበስ ሲል ሳሉ ያዘው። እስኪለቀው ጠበቀችው፤ ከዚያ በአንድነት ገፍተው ወደ ምድጃው አስጠጉት።