የጋዙ ብሎንና የጋሽ ወርቁ በርበሬ

ጉብታዋ ስም አልነበራትም። ካርታ ላይ ቁጥር ነበራት፣ እሱንም ሻምበሉ ብቻ ነው የሚያውቀው። እኛ «ራሰ በራዋ» እንላት ነበር፣ አንድ ዛፍ እንኳን ስላልበቀለባት። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ልትማሩ የምትመጡ ልጆች «ጦርነት ምን ይመስላል?» ስትሉኝ ዝም የምላችሁ ስለሷ ማውራት ስለሚያናድደኝ ነው። ኦኬ፣ አሁን ልጻፈው። ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል ነው የተውኩት፣ የተሳሳተውን እናንተ አርሙት።

እኔ የብሬን ተኳሽ ነበርኩ። ብሬን በሰንሰለት የሚጎርስ መትረየስ ነው። ረዳቴ ታደሰ የሚባል የደብረ ብርሃን ልጅ ነበር። ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጡብን። ተኮስን። አቧራው አይን አያሳይም። ብሬኑ ሦስት ተኩሶ ይቆማል፣ ሁለት ተኩሶ ይቆማል። ታደሰ ጆሮዬ ስር ገብቶ «ክፈትለት፣ ጋዙን ክፈትለት» አለኝ።

ጋዝ ማለት ምን መሰላችሁ፣ ጥይት ሲተኮስ ከኋላ የሚገፋው ጭስ አለ። መሳሪያው ከዛ ጭስ ትንሽ ይሰርቅና ቀለሁን ተፍቶ ሌላ ጥይት ያጎርሳል። ብሬን ላይ የጭሱ ልክ ይቀየራል። ሲቆሽሽ ሰፋ ታደርጉለታላችሁ። በቀለህ ጫፍ አዞርኩት፣ የጣቴ ቆዳ እዛው ብረት ላይ ቀረ። ብሬኑ ተነሳ። እኔና ታደሰ በዛች ዙር ነው የተረፍነው። እሱ ዛሬ ሱቅ ከፍቶ ወፍሯል።

ሶ ከዛ ቀን ጀምሮ አንድ ህግ አለኝ። መሳሪያ ሲደናቀፍ ጋዝ ጨምርለት። በዚህ የሚከራከረኝን ሰው ለመስማት እንኳን ትዕግስት አልነበረኝም።

ሁለተኛው ጦር ሜዳዬ ቴክሳስ ነው። አትሳቁ።

ያኔ ጋርላንድ የምትባል ከተማ ከሳሚ ጋር አንድ አፓርትመንት ሼር አድርገን እንኖር ነበር። እኔ ኤርፖርቱ አጠገብ ዌርሀውስ ውስጥ ካርቶን እጭናለሁ፣ ከሱፐርቫይዘሬ ጋር ሳልጣላ የዋልኩበት ቀን የለም። ሳሚ ታክሲ ይነዳል፣ ዲቪ ደርሶት የመጣ አስራ ሁለተኛን የጨረሰ ልጅ ነው፣ አፉ አይዘጋም። እኔን «ጀነራል» ይለኛል። መሳሪያ ነክቶ አያውቅም።

አንድ እሁድ ከቤተክርስቲያን ስንወጣ ጋሽ ወርቁ ጠሩኝ። በስደት ሱዳን አልፈው የመጡ፣ በድሮው ጦር አስር አለቃ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ከዴንተን ወጣ ብሎ ሚስ ዶሪስ ከምትባል አሮጊት ፈረንጅ መሬት ተከራይተው በርበሬ ያለማሉ። ዘሩን ከራሳቸው ፍሬ እየመረጡ ሦስት ዓመት ነው ያባዙት።

«ልጄ፣ ከርከሮ ጨረሰኝ» አሉኝ። «አምና አንድ ዛላ አልቀመስኩም። የተረፈኝ ዘር ሁሉ ችግኝ ሆኖ ጋራዥ ውስጥ በኩባያ እያረጀብኝ ነው። በዚህ ሁለት ሳምንት ካልተከልኩት ዘሩም አለቀ።»

«እርስዎ ራስዎ መሳሪያ የለዎትም እንዴ?»

«መሳሪያስ አለኝ። አይን ነው የሌለኝ።»

ሚስ ዶሪስ ደግሞ ፈረስ አርቢ ናት። ባዝራዎቿ ሊወልዱ ቀናት ነው የቀራቸው። ከአምና ጀምሮ «አሳማውን ግደሉ፣ ባዝራዎቼ ከደነበሩ ግን መሬቴን እወስዳለሁ» ብላቸዋለች። ለዚህ ሲሉ ጋሽ ወርቁ አፈሙዝ ላይ የሚገጠም የድምፅ ማፈኛ፣ ሳይለንሰር ገዙ። ፎርም ሞልተው፣ አሻራ ሰጥተው፣ ወራት ጠብቀው ነው የተፈቀደላቸው። ከፊት ጋዙን የምትቀንሱበትና የምትጨምሩበት ትንሽ ብሎን ያለው ኤአር ጠመንጃም አላቸው። ብሎኑን ሳይ ሳቄ መጣ። የብሬን የቅርብ ዘመድ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ጠዋት። አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቦታ ያዝን። ጋሽ ወርቁ በግራዬ በባይኖኩላር፣ ሳሚ በቀኜ። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ከጫካው ወጡ፣ ዘጠኝ ናቸው። ትልቁን አነጣጠርኩ። ተኮስኩ። ጭሱ ተመልሶ አይኔ ውስጥ ገባ። በርበሬ የታጠነብኝ ነው የመሰለኝ። ትልቁ አልተነካም። ለሁለተኛ ጊዜ ቃታውን ስስብ አልተኮሰም። ጥይቱ ሳይጎርስ ተቀርቅሯል።

«ምን ሆነ?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ደከመ። ጋዝ አንሶታል።»

ብሎኑን እስከመጨረሻው ከፈትኩት። አጎረስኩ፣ ተኮስኩ። ባሰበት። ቀለሁ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ወደፊት ተወርውሮ ሄደ፣ ጥይት የሚያጎርሰው ብረት፣ ቦልቱ፣ በጥይቱ ላይ ዘሎ ተዘጋ፣ እኔም እናቱን ሰደብኩ። ከርከሮዎቹ የሚስ ዶሪስን የፈረስ አጥር ታክከው ሸሹ። አጥሩ ውስጥ ያሉት ባዝራዎች ያን ሆድ ተሸክመው ሮጡ።

ሚስ ዶሪስ በፒክአፕ መጣች። አልጮኸችም፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሳሚ አስተረጎመልን። «ከደነበሩ እወስዳለሁ ብያችሁ ነበር። ለሽማግሌው ስል አንድ ጠዋት ጨምሬያለሁ። ከዛ በኋላ በሩ ላይ ቁልፍ አለ።»

ጋሽ ወርቁ ኮፍያቸውን አውልቀው አመሰገኗት። ያን ሳይ በራሴ ነደድኩ፣ የተናገርኩት ግን ሳሚን ነው። መኪና ውስጥ የሳይለንሰሩን መመሪያ ወረቀት ያነብ ነበር።

«ጀነራል፣ ሳይለንሰር ሲገጠም ጋዙን ቀንስ ነው የሚለው።»

«ወረቀቱ ራሰ በራዋ ላይ ነበር?»

«አልነበረም። ሳይለንሰሩም አልነበረም።»

ወረቀቱን ከእጁ ነጠቅኩት።

ጋሽ ወርቁ ከፊት ወንበር ሳይዞሩ «እስቲ አስበው ልጄ» አሉኝ። «ድሮ ጭሱ በአፈሙዙ ሄደ፣ ቀረ። አሁን አፉን አፍነህበት በየት ይውጣ? ወደኋላ ነው የሚመለሰው። ጠግቦ እያስመለሰው አንተ ታጎርሰዋለህ።»

«እና ደክሞ አይደለም የቆመው?»

«ፈጥኖ ነው። ቦልቱ ከመፍጠኑ የተነሳ ጥይቱ ከካዝናው ብቅ እስኪል አይጠብቅም።»

ጋርላንድ እስክንደርስ በውስጤ ስከራከራቸው ነበር። ያ ህግ ህይወቴን ያተረፈ ህግ ነው። ሰው ህይወቱን ያተረፈለትን ነገር ስህተት ነው ሲሉት፣ ማለቴ፣ የጓደኛውን ስም እንዳጠፉበት ነው የሚሰማው።

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስታችንም ተኩስ መለማመጃ ሄድን። ጋሽ ወርቁ ብሎኑን ጭራሽ ዘጉት። ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ አጎረሱ። «ተኩስ» አሉ። ተኮስኩ። ቦልቱ ንቅንቅ አላለም። ትንሽ ከፈቱ፣ አንድ ጥይት። ቀለሁ ግማሽ ወጥቶ ቀረ። ትንሽ ከፈቱ፣ አንድ ጥይት። ወጣ፣ ግን ቦልቱ ወደኋላ ደርሶ አልቆመም። እንዲህ እያልን ስድስት ጊዜ ሆነ። በሰባተኛው ቀለሁ ወጣ፣ ቦልቱም ኋላ ሄዶ ክፍት እንደሆነ ቆመ።

«ይኸው» አሉ። «አሁን ለቆሻሻና ለብርድ አንዲት ጨምርለት። አንዲት ብቻ።»

«ሁለት ብጨምርስ?»

«ሁለት ከጨመርክ ያንተ ይሆናል። የኔ አንድ ነው።»

አምስት ጥይት አጉርሼ ተኮስኩ። አይኔ አልተቃጠለም፣ ትከሻዬን አልደበደበኝም። ቀለሆቹ ወደፊት መወርወራቸውን ትተው ከቀኜ ትንሽ ወደኋላ አንድ ቦታ ላይ ጠብ ጠብ ይላሉ። ሳሚ ኮፍያውን አውልቆ ዘረጋና አራቱን ቀለበ።

«አምስተኛውስ?» አልኩት።

«አምስተኛው አንገቴ ውስጥ ነው፣ ጀነራል፣ እየጠበሰኝ ነው።»

ሸሚዙን እያራገበ ሲዘል ጋሽ ወርቁ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። መሳሪያ ይዤ ከልቤ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ሳይለንሰር ደግሞ ፊልም ላይ እንደምታዩት ዝም አያሰኝም። ጥይቱ ራሱ አየሩን ሲሰነጥቅ ይጮሃል። ግን የመኪና በር በኃይል እንደመዝጋት ነው፣ በር ደግሞ ባዝራዎቹ በየቀኑ ይሰማሉ።

ሁለተኛው ጠዋት ሰኞ ነበር፣ ሺፍቴን ቀይሬ ነው የመጣሁት። ሁዳዴ ነው። ሳሚ ሳር ላይ ተኝቶ «ጋሼ፣ በፆም ደም ማፍሰስ አይከብድም?» አላቸው።

«ብላው አላልኩህም። ማሳዬን አስለቅቅልኝ ነው ያልኩህ።»

ሚስ ዶሪስ ባዝራዎቿ መሀል ቆማለች። ከእሷ እስከ እኛ አንድ ጉብታ አለ፣ እሷ ግን ትታየናለች። እጇን አንዷ ባዝራ አንገት ላይ አድርጋለች።

አስራ ሁለት ከሩብ ላይ ወጡ። ትልቁ ከፊት። አነጣጠርኩ። ተኮስኩ። ወደቀ። ቀለሁ ከቀኜ ጠብ አለ። ሌሎቹ ቀና አሉ፣ ከየት እንደመጣ አላወቁም። ተኮስኩ። ወደቀ። ሦስተኛው ዞረ። ተኮስኩ። አራተኛውን ሳትኩት፣ ደገምኩት፣ ወደቀ። አምስተኛው ጫካው አፋፍ ላይ ወደቀ። ቀሪዎቹ አራት ወደ ሰሜን ሸሹ፣ ከአጥሩ በተቃራኒ። መሳሪያው አንድ ጊዜም አልተደናቀፈም።

ወደ አጥሩ ዞርን። ሚስ ዶሪስ አልተነቃነቀችም። ባዝራዎቹ ሳር ይግጣሉ። አንዷ ብቻ ጆሮዋን አቁማ አየችንና መልሳ ጎነበሰች። አሮጊቷ እጇን ከባዝራዋ አንገት አንስታ ወደ በርበሬው ማሳ ጠቆመች። ሳሚ ያንን ማስተርጎም አላስፈለገውም።

ሬሳ ማንሳቱ ላይ ችግር መጣ። እኔ አሳማ አልነካም አልኩ፣ ሳሚ በፆም ጭራሽ አለ፣ ጋሽ ወርቁ ወገባቸውን ያዙ። ሦስት ክርስቲያን አምስት ከርከሮ ከቦ ቆመ። በኋላ የሚስ ዶሪስ ጎረቤት እየሳቀ በፒክአፕ መጥቶ ወሰደልን፣ ጊፍት የሰጠነው ነው የመሰለው።

እሱ ከመድረሱ በፊት ጋሽ ወርቁ ቀጥ ብለው ቆመው «ሪፖርት» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ፊታቸው ላይ ግን ቀልድ የለም። ተረከዜን ገጠምኩ።

«ከጠላት አምስት።»

«ከወገን?»

ራሰ በራዋ ላይ ማታ ማታ ለሻምበሉ የምናገረው እኔ ነበርኩ፣ ከዚህ ጥያቄ በኋላ ሁሌ ስም ይከተላል። አንድ ቀን ሦስት፣ አንድ ቀን አስራ አንድ። አንዱንም ዘልዬ አላውቅም። አሁን አፌን ከፍቼ የምጠራው ስም ፈለግሁ፣ የለም። ሳሚ አንገቱን እያከከ ቆሟል። እሳቸው ቆመዋል።

«ከወገን የለም» አልኩ።

«ድገመው» አሉኝ።

ደገምኩት። ከዛ አካፋና በመኪና ያመጣነውን ችግኝ አንስተን ወደ ማሳው ገባን፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ችግኙ ሁሉ መሬት ይዞ ነበር።