ነብሮ የወደቀ ጊዜ

ክብሪት ሲጫር ያ ሽታው አፍንጫዬን ሲነካኝ ጥርሴን እነክሳለሁ። በቀደም መናኸሪያው ጋ አንዱ ሲጋራውን ሊለኩስ አጠገቤ ጫረ። ራቅ ብለህ ጫር አልኩት። ሰውየው እብድ መስዬው ከላይ እስከ ታች አየኝ። ይየኝ። ላይኛው ከንፈሬ ላይ ያለችው ጠባሳ ከየት እንደመጣች ላስረዳው ብል አውቶብሱ ያመልጠዋል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ጋሽ እንድሪስን ሳስብ ዋልኩ።

ጋሽ እንድሪስ ከኛ ቤት ዝቅ ብሎ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። ያኔ ወፍጮው በናፍጣ ነው የሚሠራው፤ ሞተሩ ሲነሳ የኛ ቤት ቆርቆሮ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። የተቃጠለ ናፍጣና ትኩስ የገብስ ዱቄት አንድ ላይ ሲሸት፣ ያ ነው የኔ ልጅነት። ሰውየው እስከ ሽፋሽፍታቸው ነጭ ናቸው። በጣም ያረጁ ይመስሉኝ ነበር፤ ለካ ዱቄት ነው። አንድ ዓረፋ ታጥበው፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ሲወጡ ባያቸው ጎልማሳ ሆኑብኝ፣ ደነገጥኩ።

ውሻም ነበራቸው፣ ነብሮ የሚባል። እህሉን ከሌባ የሚጠብቅ፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ ግንባራም ውሻ። ሙስሊም ሆነው ውሻ ማሳደራቸውን የሚያማ አልጠፋም። እሳቸው ግን ሥርዓት ነበራቸው፤ ለሶላት ታጥበው ውዱእ ካደረጉ አይነኩትም። ነብሮም ገብቶታል መሰለኝ፣ ማንቆርቆሪያውን ሲያነሱ ሲያይ ራሱ ተነስቶ ራቅ ብሎ ይተኛል።

ነብሮ የወደቀው ካረጀ በኋላ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ እግሮቹ ተገተሩ፣ ተንቀጠቀጠ፣ አረፋ ደፈቀ። አበደ ተባለ። እኛ ሰፈር ቧንቧ ሲፈነዳ አንድ ሰው አይወጣም፤ ያን ቀን ግን ሁሉም ዱላ ይዞ ወጣ። ጋሽ እንድሪስ ውሻውን በማዳበሪያ ጎትተው አስገቡና በሩን ከውስጥ ቀረቀሩ። ነፍስ ሲዘራ ውሃ ቢሰጡት ጠጣ። በመስኮት ብቅ ብለው፣ ያበደ ውሻ ውሃ እንዴት ይጠጣል፣ ኑና እዩ አሉ። ማንም ለማየት አልቀረበም፤ ግን ማንም አልመታም።

በጋሪ ጭነው እንስሳት ክሊኒክ ወሰዱት። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፤ ከበሬና ከበቅሎ በቀር በሽተኛ መጥቶለት የሚያውቅ አይመስለኝም። ውሃ መጠጣቱ ማስረጃ አይሆንም ብሎ ተቆጣቸው፤ ለብቻው ታስሮ እንዲቆይ አድርጎ እየተመላለሰ አየው። በመጨረሻ፣ አላበደም፣ የሚጥል በሽታ ነው አላቸው። አይድንም፤ ግን ኪኒን አለው። ሲወድቅ አትያዙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታድርጉ፣ ምንም አታሽትቱት፣ የሚመታውን ነገር ከአጠገቡ አንሱና ጠብቁት። ጋሽ እንድሪስ ይህን ይዘው መጥተው እህል ላመጣ ሁሉ አወሩ። ኪኒኗን በሊጥ ጠቅልለው ሲያጎርሱትም ተደብቀው አይደለም። ዱቄት ባለበት ቤት በሽተኛ ውሻ ብለው የሄዱ ደንበኞች ነበሩ። ይሂዱ አሉ።

እኔ ደግሞ ስም የሌለው በሽታ ነበረብኝ። ቤታችን "ያ ነገር" ነው የሚባለው። ክፍል ውስጥ ስወድቅ መምህሩ ከተማሪው ቀድሞ ነው የሮጠው፤ አረፋው የነካው ይይዘዋል ይባላላ። እናቴ ከትምህርት ቤት አስቀረችኝ። ጸበል ወሰደችኝ፣ ማርያምን ለመነች፤ ሼሆቹም ዱአ አደረጉልኝ፤ አገራችን ወሎ አይደል። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እገባለሁ። ስወድቅ ደግሞ ክብሪት ጭራ ታሸትተኛለች። አንዴ ክብሪቱን አብዝታ አስጠግታ ከንፈሬን አቃጠለችኝ። እናቴን አልወቅስም፤ አገር ሙሉ የሚያደርገውን ነው ያደረገችው። አገሩን ግን እወቅሳለሁ፤ እስካሁንም አልበረደልኝም።

ጋሽ እንድሪስ ጎረቤት ናቸው፣ በግድግዳው ሁሉን ይሰማሉ። ግን ሄዶ ለአንዲት እናት፣ ልጅሽ እንደ ውሻዬ ታሟል ይባላል? ደም የሚያፋስስ ነገር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት መልስ መጡ። ስለ በልግ ዝናብ አወሩ፣ ስለ ገብሱ አወሩ፣ ነብሮ የሚለውን ስም ግን አልጠሩም። ኋላ፣ "እታለም፣ ለኔ ቤት በሽተኛ የታዘዘው ኪኒን የሰው ኪኒን ነው አሉ። ጤና ጣቢያም አለ አሉ" አሉ።

እናቴ ብድግ አለች።

"ጋሽ እንድሪስ፣ ልጄ ውሻ ነው?"

"አስተግፊሩላህ። ውሻስ እኔ፣ እስከ ዛሬ እየሰማሁ ዝም ያልኩት።"

ይህን ብለው ወጡ። እናቴ ከዚያ በኋላ እህሏን ተሸክማ ዳገት ላይ ያለው ወፍጮ ቤት መሄድ ጀመረች። እኔ ከጓዳ ሆኜ ስድቡ አልተሰማኝም። የሰማሁት ኪኒን የሚለውን ብቻ ነው። ኪኒን ካለው በሽታ ነው ማለት ነው። እርግማን አይደለም።

ለፋሲካ የዳገቱ ወፍጮ ተበላሸ። እናቴ እየተነጫነጨች ጋሽ እንድሪስ ጋ ተመለሰች፤ ጤፉን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹ ተሰልፈዋል፣ ወፍጮው እየጮኸ ነው። ነብሮ በሩ ላይ ወደቀ። አንዷ ወዲያው መቀነቷን ፈትታ ክብሪት አወጣች። ለውሻ እንኳን ክብሪት! ጋሽ እንድሪስ ሞተሩን አጠፉ። እህል አፉ ላይ እያለ ወፍጮ አይጠፋም፤ ድንጋዩ ይታነቃል። አጠፉት። ጸጥ ሲል የነብሮ ጥፍር ሲሚንቶውን ሲቧጥጥ ይሰማል።

"እሳቱን ያዢልኝ እታለም" አሏት ባለ ክብሪቷን። "ይሄ ጊዜ ነው የሚፈልገው።"

የሚዛኑን ብረት ከአጠገቡ አነሱ፣ ባዶ ማዳበሪያ አጥፈው ጭንቅላቱ ስር አደረጉ፣ ቁጢጥ አሉ። አልያዙትም። "አብሽር ነብሮ፣ አብሽር፣ አለሁ" ይሉታል፣ ቀስ ብለው፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። መንቀጥቀጡ እየላላ፣ እየላላ ሄደ። ሲነቃ ሽንቱ አምልጦት ነበር፤ በማዳበሪያው ጠረጉለት። እኔ ስወድቅ ምን እንደምመስል ከውጭ ሆኜ አይቼ አላውቅም ነበር። የሚያስፈራ ነገር አይደለም። የደከመ ነገር ነው። ዞሬ እናቴን አየኋት። እሷ ነብሮን አልነበረም የምታየው፤ ከንፈሬን ነው።

ዱቄቷን ስትቀበል ቀና ሳትል፣ "ጤና ጣቢያው ስንት ሰዓት ነው የሚከፍተው?" አለቻቸው።

"ጠዋት ነው። አብሬያችሁ እሄዳለሁ።"

በማግስቱ፣ የፋሲካ ገበያ ደርቶ ሳለ፣ ወፍጮውን ዘግተው አብረውን ጤና ጣቢያ ሄዱ። መድኃኒቱን ጀመርኩ፤ መውደቁ ራቀልኝ። ትምህርቱ ግን አምልጦኛል፣ ለሱ ዛሬም እናደዳለሁ። ነብሮ ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ወደቀ፣ ብዙ ጊዜም ተነሳ፤ በስተመጨረሻ በእርጅናው በሩ ላይ እንደተኛ ቀረ። ጋሽ እንድሪስም አልፈዋል። አንዴ እንደምንም ብዬ ላመሰግናቸው ሞክሬ ነበር፤ አፌ ለስድብ እንጂ ለምስጋና አልተፈታም። ነብሮን አመስግን ብለውኝ ሳቁ።

ኪኒኔን የማወጣው አሁንም ከዚያው ጤና ጣቢያ ነው። ጎረምሳ ነኝ፣ አትምጪ ብላት እናቴ አትሰማም። ባለፈው ወረፋ ይዘን አንዲት ከገጠር የመጣች ሴት አጠገባችን ተቀመጠች። ሴት ልጇን አቅፋ ፊቷን በነጠላ ሸፍናታለች። ወረፋው ላይ ማንም ለምን እንደመጣ አይናገርም። እናቴ ግን ስለ ገበያ የምታወራ ይመስል ድምጿን ሳትቀንስ፣ "የኔ ልጅ የሚጥል በሽታ አለበት፣ ያው እሱ ነው፤ ያንቺስ?" አለቻት።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሴትየዋ ግራ ቀኝ አየች። እኔንም አየችኝ፣ ቁመቴን፣ ጫማዬን፣ የተቆጣ ፊቴን። ከዚያ ነጠላውን ከልጇ ፊት ላይ ገለጠችው።