አባቴ ሻይ ቤት የመጡ ዕለት

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ይጁቤ አጠገብ ባለች አንዲት ደብር ጉባኤ ዘርግተው ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ይሏቸዋል። እኔና ታላቅ እህቴም በተማሪ መካከል ስላደግን «አባዬ» ማለት ሳንለምድ ቀረን፤ ዛሬም የምጠራቸው የኔታ ብዬ ነው።

ጠዋት ጠዋት ከግቢው ዛፍ ሥር ይቀመጡና ተማሪው ሲያወጣ ያደረውን ቅኔ እየቀረበ ያሰማቸዋል። ጥሩ ከሆነ «ይበል!» ይላሉ። ካልሆነ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም። ያን ዝምታ ተማሪው ከዱላ አስበልጦ ይፈራው ነበር። ቅኔ በእሳቸው ዘንድ አይጻፍም፤ ትናንት የተባለም ዛሬ አይደገምም። በየቀኑ አዲስ ነው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ክረምት ገብቶ ቁራሽ ሲጠፋ ግን ያን ሁሉ ተማሪ በንፍሮና በሹሮ ያሻገረችው እሷ ናት። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ሞተች። ለቀብሯ ከየደብሩ የመጡ መምህራን በየተራ እየተነሡ ቅኔ አበረከቱላት። በመጨረሻ ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። እሳቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው መሬት መሬት አዩ። ጠበቅን። ምንም አላሉም። በአርባዋም፣ በሙት ዓመቷም እንዲሁ ዝም።

«ለባዕድ ሬሳ አንደበታቸው ርቱዕ ነው፤ ለእሷ ሲሆን ነጠፈ?» ብላ አክስቴ ለጎረቤት በሹክሹክታ ስትናገር ሰምቻለሁ። የልጅ ጆሮ የሰማውን አይጥልም። እኔም አልጣልሁትም።

ደብረ ማርቆስ ለትምህርት መጥቼ በዚያው መምህርት ሆኜ ቀረሁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግጥም የምንጽፍ ጥቂት ሰዎች ተገናኘንና በወር አንድ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ሻይ ቤት ጓዳ ውስጥ ማንበብ ጀመርን። ባለቤቷ ባሏ የሞተባት፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። የፕላስቲክ ወንበሮቿን ትደረድርልናለች፤ ከአንድ የሰርግ ዕቃ አከራይ የተዋስነው ድምፅ ማጉያ ሲያፏጭ በጥፊ መትታ ዝም የምታሰኘውም እሷ ነበረች። ዋሽንት የሚነፋ ፀጉር አስተካካይ ነበረን። አንባቢው ባጃጅ ነጂም፣ ነርስም፣ ኮሌጅ የጨረሰ ሥራ ፈላጊም ነው። መጀመሪያ ላይ እርስ በርሳችን ነበር የምንደማመጠው። በኋላ ግን ሰዉ በሩ ላይ እየቆመ ሳምቡሳ እየበላ ይሰማን ጀመር።

አባቴን ስንት ጊዜ ጋበዝኋቸው! አይሆንም ነው። «ልጄ፣ ቅኔ በመቅደስ ይባላል። ሻይ ቤት ውስጥ የሚባለውን ስም እንኳ አላውቅለትም» ይሉኛል። አይቆጡም፤ ግን አይመጡም። እኔም መጋበዜን ተውሁ። በልቤ ደግነቱ አይመጡም ማለቴም አልቀረ፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ሰው ከእኔ ግጥሞች ሁሉ አስበልጦ የሚወደው ስለ እናቴ የጻፍሁትን ነበር። በውስጡ አባቴ አሉበት። አንቱታቸውንም ነፍጌያቸው፣

የስንቱን ሰው ልጅ አፍ በቅኔ የከፈተ፣
ምነው የሱ ምላስ በእናቴ ቀን ሞተ?

ይላል። ረዥም ነው፤ ሰው የሚያስታውሰው ግን ይህችን ነበር።

አንድ እሑድ አባቴ ሳይነግሩኝ ቤቴ ድረስ መጡ። በማግሥቱ ሰኞ ለዓይናቸው ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራቸው። ምሳ አቀረብሁላቸው። በልተው እጃቸውን ታጠቡና፣

«ዛሬ አይደለም እንዴ እዚያ የምትቆሚው?» አሉኝ።

«ማን ነገረዎ?»

«ሰው። ስለ እናትሽ ታነቢያለሽ አሉ። ልሰማ ነው የመጣሁ።»

ስንኙን ያውቁታል ወይስ አያውቁትም? መጠየቅ አልቻልሁም። አብረን ወጣን።

ሻይ ቤቷ ስንገባ ሰው ሁሉ ተነሣ። ባለቤቷ ጥግ ላይ፣ ከግድግዳው ጋር፣ ትራስ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ሻይ አመጣችላቸው፤ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቀዘቀዘ። የመድረኩ መሪ፣ ያ ፀጉር አስተካካይ፣ ማን እንደሆኑ ሲሰማ «የኔታ አንድ ቅኔ ካልሰጡንማ አንለቅዎትም» አለ። እንቢ ይላሉ ብዬ ሳስብ ተነሡ። ማይኩን በእጃቸው ገፋ አድርገው በግእዝ አጭር ቅኔ ተቀኙ፤ ስለ ሻይ ቤቷ ነበር፤ ከዚያም ሰሙንና ወርቁን ፈቱልን። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ።

አባቴ ደነገጡ። «ምነው? ምን ሆናችሁ?» አሉ። «ለቅኔ አይጨበጨብም፤ ይበል ነው የሚባለው።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያነበበ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ይበል!» ይባል ጀመር። ባጃጅ ነጂው ስለ ነዳጅ ሰልፍ አነበበ፤ ይበል! ነርሷ ስለ አንድ ሕመምተኛዋ አነበበች፤ ይበል! አባቴም አብረው ይላሉ፤ ፊታቸው በርቶ ነበር። በሕይወቴ እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ተራዬ ደረሰ። ሌላ ግጥም፣ ስለ ጮቄ ተራራ ጉም የጻፍሁት፣ አብሮኝ ነበር። መድረኩ ላይ ቆሜ ሁለቱን ወረቀቶች አየሁ። ስለ እናቴ ልሰማ መጣሁ ብለዋል። ስለ እናቴ አነበብሁ።

ያቺ ስንኝ ላይ ስደርስ ቀና አላልሁም። ስጨርስ ይበል የሚል ጠፋ። ሁሉም ያውቃላ፤ አባትየው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ይበል የሚል ጠፋ። የሻይ ቤቷ ባለቤት በሩ ላይ ትሪ እንደያዘች ቀርታለች። መድረኩን ልለቅ ስል ከጥግ አንድ ድምፅ ብቻ መጣ።

«ይበል።»

አባቴ ነበሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው ያሉት።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን አጋመስነው። ከዚያ ቆም አሉና መቋሚያቸውን ተደገፉ።

«እውነት ነው» አሉ። «ያን ቀን አንድ ቃል አልነበረኝም። በአርባዋም አልነበረኝም። ከዚያ ወዲያ ደግሞ አፈርሁ። ሰው እንዴት ዘግይቶ ያለቅሳል?»

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ…»

«ቆይ። ጠየቅሽ፤ ደግ አደረግሽ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ጥያቄ ደግሞ መልስ አለው። በሚመጣው ጊዜ መልሱን ይዤ እመጣለሁ። በአማርኛ ነው፤ እሷ ግእዝ አትሰማም ነበር።»

ሚኒባስ ላይ ሳሳፍራቸውም የጠየቁኝ ይህን ብቻ ነበር፤ «ወሩ መቼ ይሞላል?»

ወሩ ሲሞላ ተኩስ ተነሥቶ መንገዱ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በእኛ አገር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ሰሞን መኪና ይሄዳል፣ አንድ ሰሞን አይሄድም፤ ስልኩም እንዲሁ። ሰው ተሰብስቦ መቀመጥ ፈራ። እኛም ለዚህ ወር ይቅር፣ ለሚመጣው እንላለን። በመጨረሻ የሻይ ቤቷ ባለቤት ወንበሮቿን ሸጣ ባሕር ዳር ወዳለችው ልጇ ዘንድ ሄደች። ድምፅ ማጉያውን ለባለቤቱ መለስን።

ስልክ በሠራ ቁጥር አባቴ ይደውሉ ነበር፤ ማለቴ አብራቸው የምትኖረው እህቴ ትደውልላቸዋለች። ጤናዬን ይጠይቁና ወዲያው «ያ ቤት አልተከፈተም?» ይላሉ።

«አልተከፈተም፣ የኔታ።»

«መልሱ አልቋል እኮ። ከዳር እስከ ዳር ይዤዋለሁ።»

«ያስጽፉታ! እህቴ ትጻፍልዎ።»

«አልጽፍም። ያንቺን በሰው ፊት ሰማሁ፤ የኔንም በሰው ፊት ትሰሚዋለሽ። ያዘንሁላት መሆኔን ያ ሁሉ ሰው ይስማልኝ።»

አንድ ቀን ግን በሌላ ድምፅ ደወሉ። ጾም ሊገባ ነበር። ጤናዬን እንኳ ሳይጠይቁ፣

«ልበልልሽ ይሆን? እንዲሁ በስልኩ?» አሉኝ።

ክፍል ልገባ ደወል ተደውሎ ነበር፤ ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም። ያ ጓዳ ሞልቶ፣ እሳቸው መሐል ላይ ቆመው፣ ሰው ሁሉ ይበል ሲል በዓይነ ሕሊናዬ ስዬው ነበርና ያን ምስል በስልክ ለማባከን ሳሳሁ።

«አይ፣ የኔታ፣ በሰው ፊት አላሉም? ይጠብቁ፤ በቅርቡ እንከፍታለን» አልኋቸው።

«ይሁን» አሉ። «እንግዲያ ይሁን።»

ያን «ይሁን» ስንት ጊዜ መላልሼ ሰምቼዋለሁ!

ከዚያ ስልኩ ለብዙ ጊዜ ጠፋ። ሲመለስ የደወለችው እህቴ ናት። አባታችን አንድ ጠዋት ለኪዳን ሊነሡ ሲሉ ወድቀው ግራ ጎናቸውን ይዟቸዋል። መንገዱ እስኪከፈት ጠብቄ፣ ከፊሉን በመኪና ከፊሉን በእግሬ ሄድሁ።

ከደጅ ላይ ጋቢ ለብሰው ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። አወቁኝ፤ ስሜን ግን በእናቴ ስም ለወጡት። ዳዊቱን ካስጀመሯቸው ሳያቋርጡ ይወርዱታል። የልጅነታቸው ትምህርት ቦታው ላይ አለ። የጠፋው የቅርቡ ነው፤ ዓይናቸውን የታከሙት፣ ደብረ ማርቆስ የመጡት፣ ትናንት የበሉት።

እህቴን ለብቻዋ ጠየቅኋት። «ግጥሙን ላንቺ ብለውልሻል?»

«ለእኔማ! ማታ ማታ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይ ነበር። ምንድን ነው ስላቸው ለታናሽሽ ነው ይሉኛል።»

የቀሩትን ጥቂት ተማሪዎችም ጠየቅሁ። አንዱም አልሰማ። በሦስተኛው ቀን፣ ልባቸው ረጋ ያለ ሲመስለኝ፣ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«የኔታ፣ መልሱን ልሰማ መጣሁ።»

«የምኑን?»

«የእናቴን። ለእሷ የተቀኙላትን።»

ከዚያ ደኅናው እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ምት መጠበቅ ጀመረ፤ ድምፃቸውም ቀጥ ብሎ ወጣ፤

ቃል አጥቼ አይደለም ያን ዕለት ዝም ያልሁት፣
አንቺን ሲያወጡሽ ነው ቤት መምቻ ያጣሁት።

ቤት ሲሉ የግጥሙም ቤት ነው፣ ይህ የተቀመጥንበትም ነው፤ እሷ ስትወጣ ሁለቱም እንደ ፈረሱ ነው የነገሯት። እጃቸው ምቱን ቀጠለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። ቃል ግን አልመጣም። ከንፈራቸው ተከፈተና ተዘጋ። ከዚያ እጃቸውም ቆመ።

«ከዚያስ፣ የኔታ?»

«ከዚያማ ረዥም ነበር» አሉ። ዕንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ ግን ለምን እንደሚያለቅሱ የሚያውቁ አልመሰለኝም። እህቴ መጥታ በነጠላዋ ጠረገችላቸው።

ዘንድሮ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወጣቶች በአንድ አዳራሽ እንደገና ማንበብ ጀምረዋል። እየሄድሁ ከኋላ እቀመጣለሁ። ከድሮዎቹ የቀረነው ጥቂት ነን፤ ይበል ማለትን ያስለመድናቸው እኛ ነን። ስለ እናቴ ያን አንብቢልን ይሉኛል፤ አላነብም። መልስ የተሰጠበትን ጥያቄ መልሱን አስቀርቶ ሰው ፊት ማቆም ነውር ሆኖ ይሰማኛል። ያለኝ መልስ ደግሞ ሁለት ስንኝ ነው።

መንገድ ሲገኝ ይጁቤ እሄዳለሁ። ባለፈው ሳምንት አጠገባቸው ተቀምጬ እነዚያን ሁለት ስንኞች በጆሯቸው አልሁላቸው፤ ምናልባት ሦስተኛው ተከትሎ ይመጣ እንደሆነ ብዬ። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ፣ ድሮ ተማሪ እንደሚያዳምጡት።

«የማን ነው?» አሉኝ።

«የእርስዎ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይመኑኝ አይመኑኝ አላውቅም።

«መልካም ነው» አሉ። «ግን አላለቀም። ባለቤቱን ፈልጊና ጨርስ በዪው።»