ከጣሊያን የተማረከው ጠመንጃ

መሣሪያ አስረክቡ በተባለ ሰሞን መቱ ከተማ፣ ከቀበሌው ደጃፍ ተሰልፈናል። ከፊቴ ያሉት ሽማግሌ ካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃቸውን እንደ ሕፃን በጋቢ ታቅፈዋል። በየለቅሶው «አባቴ ከጣሊያን የማረከው!» እያሉ ሲፎክሩበት ያልሰማ የለም።

ተረካቢው ወታደር ጠመንጃውን ከመጋጠሚያው አጥፎ ከፈተው። ከአፈሙዙ ሥር ያለውን ዝገት በአውራ ጣቱ ጠረገና ማኅተሙን አነበበ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእንግሊዝ ነው። ጣሊያን ሳይመጣ የተሠራ የቆቅ ማደኛ።»

ሽማግሌው የኮታቸውን ቁልፍ እየነካኩ ወደ ወታደሩ ጎንበስ አሉ።

«አባቴ ጎሬ ሳለ ለአንድ እንግሊዛዊ አዳኝ ጠመንጃ ተሸካሚ ነበር። ፈረንጁ አገሩ ሲገባ ሰጠው።» ድምፃቸው ሰለለ። «ድምፅህን ዝቅ አድርግልኝ ልጄ፤ እነዚህ ከኋላዬ ያሉት አባቴን በፉከራ የቀበሩ ናቸው።»