በጾም ቀን የተሠራ ጣሪያ

ስለ ጣሪያቸው ላሳምናቸው በሄድኩ ቁጥር ተጣልቼ ነበር የምመለሰው።

እማማ የምንላቸው በአሶሳ ዳር ባለው ሰፈራችን ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት የበርታ ሴት ናቸው። የቤታቸውን የቀርከሃ ማገር ምስጥ በልቶት፣ የሣር ጣሪያው በአንድ ወገን ዘሟል። እዚህ አገር ዝናቡ አንዴ ከጀመረ ቀልድ አያውቅም። የመጀመሪያው ከባድ ዶፍ ቤቱን እላያቸው ላይ እንደሚያወርደው ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ዝናቡ ደግሞ ሊገባ ምንም አልቀረውም።

እኔ ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ መጥተው እዚሁ የወለዱኝ፣ ገበያ ላይ ቅመም የምሸጥ ሴት ነኝ። ምላሴ ፈጠን ይላል፣ ነገር ሲጓተት አልወድም። «ሰው እንጥራና በአንድ ቀን እንጨርሰው» አልኳቸው።

«አይሆንም» አሉ። «ነፊር ጠርቶ፣ ሰው ሳይበላ ሄደ፣ እንዲህ የእኔ ቤት አያውቅም። አንተ ተው።»

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚሉት፤ ለምጄዋለሁ። ነፊር የሚሉት ደግሞ እኛ ደቦ የምንለውን ነው። ጎረቤት ይጠራል፣ ይሠራል፣ ባለቤቱ ያበላል። በደህናው ጊዜ እማማ ነፊር ጠሩ ከተባለ ያልተጠራውም ይመጣ ነበር፤ የማሽላ ገንፏቸውና የባሚያ ወጣቸው ስም ነበረው። ያን ዓመት ግን ማሽላቸው ሳይሆን ቀርቶ ጎተራቸው ባዶ ነበር።

ታዲያ ምግቡን ከየቤታችን እናምጣ ስላቸው ጭራሽ ተቆጡ። «ሰው ምግብ ተሸክሞ እኔ ቤት? ሞቻለሁ እንዴ?»

እውነታቸውን ነው፤ በእኛም ዘንድ ምግብ ተሸክመው የሚሄዱት ለቅሶ ቤት ነው። እኔ ግን ተናድጄ ስለነበር፣ ጣሪያው ከሚወርድብዎ ክብርዎ ትንሽ ዝቅ ቢል ምን አለበት ብያቸው ወጣሁ። ቤቴ ሳልደርስ እናቴ ትዝ አለችኝ። እሷም ብትሆን ያንኑ ነበር የምትመልሰው።

በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ተገጣጥመው ነበር። አጠገቤ ሽንኩርት የምትሸጥ የበርታ ጓደኛ አለችኝ። ስለ እማማ ስናማርር ስናማርር ሐሳቡ ድንገት መጣልን፤ ነፊሩን በጾም ለምን አናደርገውም? ቀኑን ሙሉ የሚበላ ከሌለ እማማ በምን ያፍራሉ? ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሷም እኔ ነኝ ትላለች፤ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ለመናገር ቀላል ነው እንጂ፣ በመጋቢት የአሶሳ ፀሐይ ውኃ ሳይቀምሱ ጣሪያ ላይ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የወጣ ያውቀዋል። ሰፈሩን ቀን ቆርጠን ብንጠራም ብዙ ሰው የሚመጣ አልመሰለኝም ነበር። ጎህ ሲቀድ ግን ቀርከሃ የተሸከመውም ሣር የተሸከመውም በየአቅጣጫው ይመጣ ጀመር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በርታውም ሰፋሪውም ግቢውን ሞላው። እማማ በሩ ላይ ቆመው አዩን።

«ዛሬ ጾም ነው» አሉ።

«አዎ እማማ፣ ዛሬ የሚበላ ሰው የለም። እኔም ጾመኛ ነኝ» አልኳቸው።

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «አንተ ተንኮለኛ» አሉኝና ሄደው ጓሯቸው ካለው ማንጎ ሥር ተቀመጡ። አልከለከሉንም።

አሮጌውን ጣሪያ አውርደን አዲሱን ማገር አሰርን። ከሰዓት በኋላ የእኛ የክርስቲያኖቹ መብያ ሰዓት ደረሰ፤ ግን ሌሎቹ ከንፈራቸው ደርቆ ጣሪያ ላይ እያሉ ማን ሄዶ ይበላል? አፍረን ቆየን። እኔ ሲርበኝ ጠባዬ ይበላሻል። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ሣሩን ገልብጦ ሲያቀብል ጮህኩበት። «እኔ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው» አለኝ፤ ጣሪያው ላይ ያሉት በሳቅ ሊወድቁ ነበር።

ያሰብነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨርሰን ውልቅ ልንል ነበር። ማፍጠሪያ ሰዓት እዚያ ከያዘን እማማ ማፈራቸው ነው። ግን የጣሪያው ጫፍ አስቸገረንና የመጨረሻው ሣር ገና እየታሰረ አዛን ተሰማ። እኔና ጓደኛዬ ተያየን። የፈራነው ደረሰ። ሰዉ ልብሱን እያራገፈ ቶሎ ቶሎ መሰናበት ጀመረ።

«ተቀመጥ!» አሉ እማማ። ለሁላችንም ነበር። «ከእኔ ቤት ሰው ሳይበላ የት ይሄዳል?»

ከማንጎው ሥር ሳፋ ሙሉ የታጠበ ማንጎ ተደርድሯል፤ ከጎኑ በእንስራ ቀዝቃዛ ውኃ አለ። ከሰዓት በኋላ እዚያ ጎንበስ ቀና ሲሉ አይቻቸው ነበር፤ ቅጠል የሚጠርጉ መስሎኝ። ለካ በረጅም ቀርከሃ የበሰለውን እየመረጡ ሲያወርዱ ነው የዋሉት። ማንጎ ለማፍጠሪያም ይሆናል፣ ሁዳዴንም አያስገድፍም። ጾም ነው ብሎ እምቢ የሚል ሰው አልነበረም።

ተቀመጥን። ጭማቂው በክርናችን እየወረደ በላን። አስተማሪው ሸሚዙን አበላሸ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ድግስ በልቻለሁ፤ እንደዚያ የጣመኝና እንደዚያ ያኮራኝ የለም።

እማማ በአንድ ጉንጭ ውኃ አፍጥረው አልተቀመጡም። ሳፋውን ይዘው እየዞሩ እያንዳንዱን ሰው «ጠገብክ?» ይላሉ። ያመነታ ይጨመርለታል። እኔ ጋ ሲደርሱ ሆዴ ሊፈነዳ ነበር።

«ጠገብኩ፣ እማማ።»

«እውነት?»

«እውነት።»

ያልጠገበ አለመኖሩን ሲያረጋግጡ ባዶውን ሳፋ አስቀመጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ከዚያ ወደ አዲሱ ጣሪያቸው ቀና ብለው አይተው ወደ ቤታቸው ገቡ። እልልታውን ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ እኔ ግን ድምፄ እስኪዘጋ አቀለጥኩት።