አባቴን ችሎት ለማድረስ የሠራሁት ጋሪ

አባቴ ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ኮርቻ ላይ መቀመጥ አልቻሉም። ወጌሻው ሲያሽ፣ ሲጠግን፣ ክረምቱ አለፈ። የርስቱ ክርክር ቀጠሮ ግን ደረሰ። ንፋስ መውጫ ችሎት ፊት ራሳቸው ቆመው «አለሁ» ካላሉ መሬታችን ለባላጋራቸው ሊፈረድ ነው። ደብረ ታቦር ስማር ስለ ውክልና ሰምቼ ነበርና ነገርኋቸው።

«ርስቴን በወረቀት አልልክም፤ በአፌ ነው የምከራከረው» አሉኝ። ግትር ናቸው። እኔም የሳቸው ልጅ ነኝ።

በሽተኛ በቃሬዛ ይሄዳል፤ ቃሬዛ የሚሸከመው ግን ዘመድ ነው። የአባቴ ባላጋራ ደግሞ ያጎታቸው ልጅ ነው፤ ትከሻ ያለው ዘመድ ሁሉ ከሱ ጋር ቆሟል። እኛ አገር በርስት የሚካሰስህም፣ ስትታመም የሚሸከምህም ያው አንድ ሰው ነው።

ስለዚህ ዓይኔን ብስክሌቷ ላይ ጣልሁ። አስተማሪው ወንድሜ ሩቅ አገር ሲዛወር ትቷት የሄደ ናት፤ መንደራችን የገባችውም በበቅሎ ተጭና ነው። ከኋላዋ የምትጎትተው ጋሪ ልሠራላት ቆረጥሁ። ዕቃ መግዣ የሚባል ነገር ቤታችን አልነበረም። አንድ ጎረቤታችን፣ ጣሊያን ጥሎት በሄደ የጋሪ ቸርኬ አጥራቸውን ደግፈውበት ነበር፤ ሁለቱ ቸርኬ በአንድ ብረት እንደተያያዙ ናቸው። ለመንኋቸው፤ ሲሰለቻቸው ሰጡኝ። ከላይ የራሴን አልጋ እግሮቹን ቆርጬ ጫንሁበት። ለመጎተቻ አሮጌ ሞፈር አገኘሁ።

«አንቺ፣ በሬ ቢያንስሽ አባትሽን በብረት ልታርሺባቸው ነው?» አለችኝ ሌላዋ ጎረቤቴ በአጥር ላይ።

«ባልሽን አበድሪኝና በሱ ልጎትታቸው» አልኋት።

ሞፈሩን ከብስክሌቷ መቀመጫ ሥር የማስርበት ብሎን የለኝ። አባቴ ከተኙበት ሆነው «በምራን ነዋ!» አሉ፤ ሞፈርና ቀንበር የሚታሰርበትን ጠፍር ማለታቸው ነው። «ቆዳውን በእርጥቡ ጠምጥሚው፤ ሲደርቅ ብረት ይሆናል።» እውነትም ብረት ሆነ። ብነቀንቀው ንቅንቅ አላለም። ያየው ሁሉ አመሰገነኝ።

የቀጠሮው ቀን ማለዳ ነጭ ጋቢያቸውን አልብሼ አስተኛኋቸውና ሜዳውን ያዝን። ልብ በሉ፣ ጋሪው ሄደ! እየተንጫጫ፣ እየዘለለ፣ ሄደ። አባቴ እያቃሰቱ ይስቃሉ። «ቀስ በይ እንጂ! ጠላቴ ሳይገድለኝ ልትገድይኝ ነው?»

ከዚያ ያለ ወራቱ ካፊያ ጣለ። የረጠበ ምራን ይለጠጣል። ለገበሬ ይህ ምኑም አይደለም፤ በሬዎቹን አቁሞ ያጠብቀዋል። እኔም ወርጄ አጠበቅሁ፤ ትንሽ ሄድሁ፤ እንደገና አጠበቅሁ። ጠፍሩ እጄ ላይ እንደ አንጀት ተዝለገለገ። መጨረሻ ሞፈሩ ሾልኮ ወጣ፤ ጋሪው በአፍንጫው ተተከለ፤ አባቴ ጭቃው ላይ ተንሸራተቱ። በመቀነቴ ባስረው ተበጠሰ። ላነሣቸው ብሞክር ጮኹ፤ ተውኋቸው።

ባላጋራቸው በበቅሎ የመጣው ያኔ ነው። ልጁ በእግሩ ይከተለዋል።

«እንዴት አደርህ?» አለ ሰውየው።

«እግዜር ይመስገን። አንተስ?»

«ይመስገን። ምነው በጭቃ?»

«ደክሞኝ አረፍሁ።»

ልጁ ብስክሌቷን አይቶ ሳቀ። «ይቺ ናት ተከራካሪዋ?»

«ዝም በል!» አለው አባቱ። ወደ አባቴ ዞሮ «ላሸክምህ?» አለ።

«በአንተ ትከሻ ችሎት ከምገባ እዚሁ ልቅር!»

«እባክዎ፣ አባባ!» አልሁ። አልሰሙኝም። ሰውየው በቅሎውን ነካ አድርጎ ሄደ።

«ሩጪ» አሉኝ አባቴ። «አባቴ መንገድ ላይ ናቸው በይ። እሱም በዓይኑ አይቶኛል፤ ይመሰክራል።»

ሮጥሁ። ስደርስ የአባቴ ስም እየተጠራ ነው። ጭቃ በጭቃ ሆኜ ዳኛው ፊት ቆምሁ።

«ውክልና አለሽ?»

«የለኝም፣ ጌታዬ። ግን መንገድ ላይ ናቸው፤ እኒህ ሰው አይተዋቸዋል።»

ዳኛው ወደ ሰውየው ዞሩ። ሰውየው ኩታውን አጣፋና እጅ ነሣ።

«አይቻለሁ፣ ጌታዬ። ደክሞኝ አረፍሁ አለኝ። ላሸክምህ ብለው እዚሁ ልቅር አለ።»

አንዲት ቃል አልዋሸም። «እንዲህ ማለታቸው እኮ...» ብዬ ስጀምር ዳኛው እጃቸውን አነሡብኝ። «ባለጉዳይ አይደለሽም፤ ውጪ።» ጸሐፊው «በፈቃዱ ቀርቷል» ብሎ መጻፍ ሲጀምር በሩ ላይ ነበርሁ።

ስመለስ አባቴ እንደ ተውኋቸው ናቸው፤ ጋቢያቸው ጭቃ ጠጥቷል። ከሩቅ አይተውኝ በክንዳቸው ቀና አሉ።

«መሰከረ?»

«መሰከረ፣ አባባ። አይቻለሁ አለ።»

«አላልሁሽም! ምን ቢጠላኝ የአጎቴ ልጅ በእኔ ላይ አይዋሽም።» ፊታቸው በራ።

«ከዚያስ?» አሉኝ።