ሽማግሌ የተቀመጠለት ዲስክ

በቀደም ከፉሪ ወደ ዓለም ገና የተሳፈርኩበት ባጃጅ ፍሬቻው በርቶ ተረስቶ፣ ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ... እያለ መንገዱን ሁሉ አብሮን መጣ። ሹፌሩ ሙዚቃውን ለቆታል፤ አይሰማውም። እኔ ግን ሰማሁት። ከአቧራውና ከቤንዚኑ ሽታ ውስጥ ሌላ ሽታ ብቅ አለብኝ፤ የጋለ ፕላስቲክ፣ ዝናብ የነካው የጭቃ ግድግዳ። ያ ዲስክ ትዝ አለኝ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ፀጉር ነበረኝ፣ ያውም ለሁለት ሰው የሚተርፍ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በሽርክና ዓለም ገና መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይተን ሰርግ እንቀርፅ ነበር። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ አንዳችን ስናስነጥስ ሌላችን አስፋልት ላይ እንገኝ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ፍላሽ ከሰበታ ተነስቶ እኛ ጋ እስኪደርስ ቫይረሱ መንገድ ላይ ይወልዳል። ኮምፒውተራችን ሲታመም ሲድን ቢያስመርረው፣ ሸሪኬ ዊንዶውሱን ነቅሎ ሊኑክስ የሚባል ጫነበት። ቫይረሱ ጠፋ። ደንበኛውም አብሮ ሊጠፋ ምንም አልቀረው፤ በጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ሲዘንብ ያየ ሙሽራ ሁሉ ያማትብ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ አከራያችን መጡ። ቀጭን ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛ «ኦቦ» ይላቸዋል፤ አቶ እንደ ማለት። የልጃቸውን ሰርግ የቀረፅነው እኛ ነን። ባለቤታቸው እዚያ ሰርግ ላይ ተነስተው ሙሽሮቹን መርቀው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሴትዮዋ ዐረፉ። ለቤተሰቡ የሰጠነውን ሲዲ ደግሞ የልጅ ልጆች መኪና አድርገው ሲነዱት ከርመው ጨርሰውታል። የቀረው እኛ ኮምፒውተር ውስጥ ዲስኩ ላይ ያለው ብቻ ነው።

«የልጆቼን እናት አሳዩኝ» አሉ። «ለሙት ዓመቷ ልጆቼ ይሰበሰባሉ። ድምጿን ይስሙ።»

ከፈትንላቸው። ሙሽሮቹ ጨፈሩ፣ ሴትዮዋ ከወንበራቸው ተነሱ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ «ልጆቼ...» አሉ። ቆመ። ከኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ ቀጭ... ቀጭ...

ኦቦ መጀመሪያ ስክሪኑን አዩ፤ ቀጥለው እኛን። «አጠፋችኋት!»

«ኧረ ኦቦ፣ ይኸው አሉ እኮ...» አልኩ።

«የሰው ሰርግ ልትጭኑበት አጠፋችኋት!» በሩ ከኋላቸው ተላተመ።

እሳቸው ሁለታችንን ጠረጠሩ፤ እኛ ደግሞ እርስ በርሳችን። ሸሪኬ ቡራዩ ላይ የራሱን ስቱዲዮ ሊከፍት ነው የሚል ወሬ ሰምቼ ነበርና፣ ፋይል እያሸሸ ነው አልኩ በልቤ።

«ፍላሽህን እንደ ማተብ አንገትህ ላይ ያሰርከው ለምንድነው?» አልኩት።

«አንተስ ሳጥኑን ከጠረጴዛ ላይ ስታወርድ ምን ነካካህ?»

ተኮራርፈንም ቢሆን ምርመራ ጀመርን። ሸሪኬ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፈተ፤ «ማንበብ አልተቻለም» የሚል መስመር እንደ ሰበታ ሚኒባስ ወረፋ ተሰልፏል። ገመዱን ቀየርን፤ ያው ነው። ከዚያ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚጠየቅበትን ትእዛዝ ጻፈ። ዲስኩም ደህና ነኝ ብሎ መለሰ።

«ይኸው! ዲስኩ ጤነኛ ነው፤ የነካካው ሰው ነው» አልኩ።

«ሌባ ተይዞ ሰረቅሁ ይላል እንዴ?» ብሎ ወደ ጽሑፉ ግርጌ ወረደ። ሊነበቡ ያልቻሉ ቦታዎች ቁጥር ከታች ተጽፏል። ቪዲዮውን እንደገና ከፍተን ተመልሰን ስናይ ቁጥሩ ጨምሯል።

«እየሞተ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «በከፈትነው ቁጥር ይብስበታል። ማንም እንዳይከፍተው። ነገ ባዶ ዲስክ ተውሰን የተረፈውን እንገልብጥ።»

በነጋታው ግን ከባዶው ዲስክ ሽማግሌዎች ቀደሙ። ኦቦ ሦስት ጋቢ የለበሱ አዛውንት አስከትለው መጡ። ኮምፒውተሩ እንደ ተከሳሽ መሐል ወንበር ላይ ተቀመጠ። የእኛ አገር ሽማግሌ ደግሞ በዓይኑ ሳያይ አይፈርድም።

«እስቲ ይከፈት» አሉ አንደኛው።

«አባቶቼ፣ ሲከፈት ይጎዳል» ብሎ ሸሪኬ ለመነ።

«ሲያዩት የሚጎዳ ነገር ምንድነው? የደበቃችሁት ካለ አሁኑኑ ተናገሩ!»

ተከፈተ። ሁለተኛው ስልክ ሲያናግሩ አምልጧቸው ስለነበር፣ ለእሳቸው ተደገመ። ሦስተኛው ዓይናቸው ደካማ ነበርና ቀርበው ለማየት አስደገሙት። የዚያን ጊዜ ሴትዮዋ ከወንበራቸው መነሳትም እምቢ አሉ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ። ሽማግሌዎቹም ጉዳዩ ከባድ ነው ብለው ከነከዘራቸው ተበተኑ።

ሸሪኬ ሊኑክሱን ከሲዲ አስነስቶ፣ የተዋስነውን ዲስክ ሰክቶ መገልበጥ ጀመረ። ፕሮግራሙ መጥፎውን ቦታ እየዘለለ ደህናውን ይለቅማል፤ ከዚያ ተመልሶ መጥፎውን ይለማመጣል። ቀናት ፈጀ። ሸሪኬን ተጠራጥሬ ለምሳ አልሄድም፤ እሱም እኔን ተጠራጥሮ አይሄድም። ኦቦ ደግሞ ሁለታችንንም ተጠራጥረው በራፋችን ላይ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ያን ሰሞን በዓለም ገና እንደ እኛ ዲስክ የተጠበቀ ባንክ አልነበረም።

ግልበጣው ሲያበቃ ሦስታችንም ስክሪኑ ላይ ተደፋን። ሴትዮዋ ተነሱ። እጃቸውን ዘረጉ። «ልጆቼ... ሆራ...» ፊታቸው በጥቃቅን አራት ማዕዘን ተበታትኖ፣ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ድምፅ የለም።

ስድብ ጠበቅን። ኦቦ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተነሱ፤ እጃቸውን ልክ እንደ ባለቤታቸው ዘረጉ።

«ሆራ ቡላ። ተባዙ፣ ኑሩ። ጎጇችሁ ይሙቅ። ደጃችሁ እንግዳ አይጣ» አሉ። «እንዲህ ነው ያለችው። ከጎኗ ነበርኩ።»

ስንት ቀን የተኮራረፍን ሁለት ጎረምሶች፣ ማን እንዳዘዘን እንጃ፣ «ሃ ታኡ» አልን በአንድ አፍ፤ ይሁን፣ እንደ አሜን።

«ስጡኝ» አሉ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ልጆቼ እዚህ ድረስ ከእሷ ይስሙ። የቀረውን እኔ እላለሁ።»

ከዚያም ወዲህ በደጃችን ሲያልፉ ሳጥኑን በጎን ማየታቸውን አልተዉም። ሸሪኬም ኋላ ቡራዩ ሄደ፤ ወሬው እውነት ነበር። ኦቦ ዐረፉ። የቀረውን አሁን ማን እንደሚለው አላውቅም።

ዓለም ገና ልንደርስ ስንል ሹፌሩ ልብ ብሎ ፍሬቻውን አጠፋው። ቀጭ ቀጩ ጸጥ ሲል ከንፈሬ ብቻውን «ሆራ ቡላ...» አለ።

«ጋሼ፣ እኔን ነው?» አለ በመስታወቱ እያየኝ።

«ምነው አጠፋኸው?»

ከላይ እስከ ታች በጥርጣሬ ገረመመኝ። ከዕብድ ጋር ክርክር ምን ያደርጋል ብሎ መሰለኝ፣ መልሶ አበራልኝ። ቀጭ... ቀጭ...